ጣቴን የቀሰርኩባት ልጅ

አዲስ ቲሸርት ያቅለሸልሸኛል። ከላስቲኩ የወጣ፣ ደረቱ ላይ መፈክር የታተመበት ነጭ ቲሸርት አፍንጫዬ ስር ሲደርስ ፊቴን አዞራለሁ። ሰው ይህን ስነግረው ከፈጠራዎቼ አንዱ ይመስለዋል። አይደለም። ያቺ ቅዳሜ ናት እንዲህ ያደረገችኝ፤ ያቺ ቅዳሜና የገዛ ጣቴ።

ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ እነዳ ነበር። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ሒሳብ ከብዶኝ አይደለም። የሒሳብ አስተማሪያችንን ብስክሌት ዛፍ ላይ ሰቅዬ «ጅብ ነው የሰቀለው» ስላልኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤ መንዳትና መዋሸት። ከአዲስ አበባ የመጣ ተሳፋሪ ካገኘሁ ወደ ሐረ ሸይጣን ሐይቅ እየወሰድኩት፣ ይሄ ውሃ በደርግ ጊዜ አንድ አውቶቡስ ከነሰዉ ውጦ ዝዋይ ላይ ረዳቱን ብቻ ተፋው እለዋለሁ። ረዳቱ ከውሃው ብቅ እንዳለ መጀመሪያ የተናገረው «ሒሳብ ያልሰጣችሁኝ!» የሚል ነው። አዲስ አበቤው ጉድ ይላል፤ አንዳንዱም ይጽፈዋል።

መሕቡባ ግን ጉድ አላለችም።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው ከመናኸሪያ የጫንኳት። አንድ ፌስታል ይዛለች። ጥቁር ሻርፕ፣ ከፊቷ ተለቅ የሚሉ ዓይኖች። አማርኛዋ ላይ ዓረብኛ እንደ ጨው ነስነስ ብሎበታል። አውቶቡሱን አወራኋት።

«ረዳቱ ዋና ይችላል?» አለች።

«እ?»

«ዝዋይ ድረስ በውሃ ውስጥ ከሄደ፣ ዋና ይችል ነበር ወይ?»

በመስታወቱ አየኋት። ፊቷ ላይ የሳቅ ጭረት የለም።

«አይችልም» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«እንግዲያው ውሸት ነው» አለችና ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች።

በሕይወቴ ውሸቴን እንደ ቁም ነገር የመረመረልኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰው ወይ ያምነኛል ወይ ይሰድበኛል። እሷ ግን ጠየቀችኝ። ባጃጇን በጨርቅ ነጋዴው በጋሼ ጀማሉ ደጃፍ አቁሜ ፌስታሏን ሳቀብላት ሁለታችንም ጫፍ ጫፉን ይዘን ትንሽ ቆየን። እኔ ሆን ብዬ ነው። እሷን አላውቅም።

ቀስ በቀስ ታሪኳን ሰማሁ። እናቷ የጋሼ ጀማሉ እህት ነች። ድሮ ለሥራ የመን ሄዳ፣ ሁዴዳ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ አግብታ፣ መሕቡባን ወልዳ፣ እዚያው ሞተች። ጦርነቱ ሲመጣ መሕቡባ ባሕሩን በጀልባ ተሻግራ ጅቡቲ ገባች፤ ከጅቡቲ ደግሞ አጎቷ ዘንድ። ሥጋዋ የኛው ነው፤ ወረቀቷ ላይ ግን «ስደተኛ» ይላል። ከተማው ወረቀቱን ያየው ይመስል «የየመኗ» ብሎ ጠራት። «የጀማሉ እህት ልጅ» ያላት ሰው አልሰማሁም።

አራት ወር ሙሉ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሜ ውሸት ሳቀብላት፣ እሷም ስትመዝን ከረምን።

«ትናንት ዝሆን ጭኜ ነበር» አልኳት አንድ ቀን።

«ከፊት ነው ከኋላ?»

«ከኋላ።»

«ታዲያ ባጃጇ ወደ ኋላ አልተገለበጠችም?»

«እኔ ከፊት ቁርሴን በልቼ ነበር።»

ያን ቀን ሳቀች። አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች፣ ዓይኗን ግን መሸፈን ረሳች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተውኩ።

ጥቅምት ሲገባ እንድታገባኝ ጠየቅኳት። ጨርቅ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

«አዲስ አበባ ሄጄ ብመዘገብ ወደ ሌላ አገር ይልኩኛል ይላሉ» አለች። «አጎቴም ምርጫው ያንቺ ነው ብሎኛል።»

«ሌላ ምርጫ የለሽም?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አለኝ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ወሬ ያበዛል።»

«መልሱ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ ከጉዞው በኋላ። ያገርህን ሰው አንድ ቀን ሙሉ አብሬው ውዬ ልየው። ካንተ ጋር ብቻ አይደለም እኮ የምኖረው፣ ያ ራምዚ» አለች፤ ስሜን ስትጠራ የዓረብኛውን «ያ» ታስቀድማለች።

ጉዞው የሚባለው ይሄ ነው። አንድ ድርጅት መጥቶ «አንድ ቀን በስደተኛ ጫማ» የሚል ባነር ሰቀለ። ሐሳቡ፣ አርባ ሰው የውሃ ጀሪካን ተሸክሞ ከቡታጅራ ሐረ ሸይጣን ድረስ በእግሩ ይሄዳል፣ በመንገድ ላይ ኬላ ያጋጥመዋል፣ ይራባል፣ ሐይቁ ዳር በጀልባ ይሳፈራል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስደተኛን የሚያይበት ዓይኑ ይቀየራል። አስተባባሪው አቶ ገዛኸኝ፣ አንገቱ ላይ ሦስት መታወቂያ የሚያንጠለጥል ሰው፣ እኔን ደላላና የጀልባ ካፒቴን እንድሆን ቀጠረኝ።

«አንተ ሰው ማታለል ታውቅበታለህ አሉኝ» አለኝ።

«ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምሬበታለሁ» አልኩት።

መሕቡባን መድረክ ላይ ወጥታ «ምስክርነት» እንድትሰጥ ለምኗት ነበር። «እንደማንም ሰው እሄዳለሁ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ተሰበሰብን። ከወልቂጤ አሥራ አምስት ሰው በአውቶቡስ መጣ፣ ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል። ነጩ ቲሸርት ታደለ። መጠኑ አንሷል ብሎ የተጣላ አለ፤ ስደተኛ ሊሆን የመጣ ሰው ቲሸርት ጠበበኝ ብሎ ይሳደባል። አበል የሚፈረምበት ወረቀት ሲወጣ ደግሞ ተራ ለመያዝ የተረጋገጠው እግር፣ አላህ ይጠብቀን፣ ለእውነተኛ ጦርነት ይበቃ ነበር። ለእያንዳንዱ የውሸት የስደተኛ ስም ያለበት ካርድ ተሰጠው። መሕቡባም ተሰጣት። አገላብጣ አይታ ኪሷ ከተተችው።

መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጀሪካኖቹ እየተንቆረቆሩ መንገዱን አረጠቡት፤ ሸክሙን ለማቅለል ውሃውን የሚደፋ በዛ። ኬላ ላይ የቆመው የውሸት ወታደር አብሮ አደጌን ሰማንን «ተንበርከክ!» ሲለው ሰማን «ቆይ መጀመሪያ ፎቶ አንሳኝ» አለው። ይሄው ሰማን ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ባጃጄ ተጠግቶ፣ «አንተ ደላላ አይደለህ? በሕገወጥ መንገድ አሻግረኛ!» ብሎ ከኋላ ተጋደመ። አሻገርኩት። ያን ሰዓት አስቆኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ምራቄን ያስተፋኛል።

እኩለ ቀን ላይ ለተጓዡ አንድ እፍኝ ንፍሮ ታደለ። አስተባባሪዎቹ ከግራሩ ጀርባ ክትፎ ከፍተዋል። ቅቤው ነፋስ ላይ ተሳፍሮ ሰልፉን አንድ በአንድ ጎበኘው። ገዛኸኝ አፉን እየጠረገ መጣና «ረሃብ እንዴት ነው? ስሜቱ እየመጣላችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከንፈሩ ያብለጨልጫል። መሕቡባ ንፍሮዋን አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች በላች፣ ግማሹን መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

ሐይቁ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዙሪያው ገደል፣ ውሃው የደረቀ ቁስል የመሰለ አረንጓዴ። በአንዲት ቀጭን መንገድ እየተንሸራተትን ወረድን። ዳሩ ላይ ገዛኸኝ በገመድ ክብ ሠርቷል፤ ስፋቱ አንድ አይሱዙ የሚጭንበትን ቦታ ቢያክል ነው።

«ይሄ ጀልባችሁ ነው» አለ። «አርባችሁም ገብታችሁ አንድ ሰዓት ትቀመጣላችሁ። መቆም የለም፣ መውጣት የለም። ካፒቴኑ ራምዚ ነው።»

እየተሳሳቁ ገቡ። የአንዱ ክርን በሌላው ጎድን፣ የአንዱ ካልሲ በሌላው አፍንጫ። ብርቱካን የምትባል የወልቂጤ ልጅ እግሯ ተጣሞባት ልትነሳ ስትል መሕቡባ ቀሚሷን ያዘቻት።

«አትቁሚ» አለቻት ቀስ ብላ። «አንድ ሰው ከቆመ ሁላችንም እንገለበጣለን።»

ብርቱካን ቁጭ አለች። መሕቡባ ሌሎቹንም ታስተካክል ጀመር። «ወፍራሞቹ መሐል፣ ቀጫጮቹ ዳር። ጉልበትህን በእሱ ጉልበት መሐል አስገባ። አዎ፣ እንደዚያ።» ሁሉም ታዘዛት። አንድ ሩብ ሰዓት እንዳለፈ ሳቁ እየሳሳ ሄደ። እግር ደነዘዘ። የከተማችን አስተማሪ፣ ግዙፉ መምህር ወልደማርያም፣ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ አንገቱን ጣለ።

«እናንተ በጀልባ ስንት ሰዓት ሙሉ ነው እንዲህ የመጣችሁት?» ብሎ ጠየቃት።

«አሥራ ስድስት።»

ውሃው ዳሩን ሲልስ ይሰማል። ብርቱካን ሳታስበው የመሕቡባን እጅ ይዛለች። አርባ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያ ባነር፣ ያ ቲሸርት፣ ያ ሁሉ ቅሌት ለካ በመጨረሻ አንድ ነገር ወልዶ ነበር። እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም።

ገዛኸኝ ከቪዲዮ ቀራጩ ጎን ሆኖ በእጁ ጠራኝ። «ራምዚ፣ ቪዲዮው ሞተ እኮ! ትንሽ አድምቀው እንጂ!»

እኔ ደግሞ ዝምታ አይሆንልኝም። ለካፒቴንነቴ የተሰጠኝን ዱላ አንስቼ ጮህኩ፤

«ወገኖቼ! ጀልባዋ ውሃ እየገባባት ነው! አንድ ሰው መቀነስ አለበት! ማን ይውረድ? ጣት ቀስሩ!»

ይሄ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የለም። ከራሴ ነው ያወጣሁት።

ከእስር የተፈቱ ያህል ሳቁ። ሰማን ቶሎ ብሎ ጣቱን መምህር ወልደማርያም ሆድ ላይ ቀሰረ፤ ወዲያው ግን ልጁን የሚያስተምረው እሱ መሆኑ ትዝ ብሎት መለሰው። ሌላው ወደ አንድ የወልቂጤ ጎረምሳ ቀሰረ፣ ከጎረምሳው ጋር የመጣው አውቶቡስ ሙሉ ጮኸበት። ወደ ብርቱካን የዞረው ጣት ወንድሟ አጠገቧ ሲያፈጥ ታጠፈ። ሁሉም የሚቀየምለት ሰው አለው። ሁሉም ነገ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ ፊት ለፊት ይተያያል። የኛ ሰው ክፉ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው የሚገድለው። ጣቶቹ አየር ላይ የሚያርፉበት አጥተው ሲዞሩ፣ ሲዞሩ…

«የየመኗ ትውረድ!» አለ ሰማን። «እሷ ለምዳዋለች!»

በሳቅ ፈነዱ። ጣቱ ሁሉ እፎይ ብሎ እሷ ላይ አረፈ። የሚቀየምላት አጥታለቻ! ብርቱካን እንኳን እጇን ከመሕቡባ እጅ አውጥታ፣ እየተሽኮረመመች፣ ቀሰረችባት።

እኔ እንደ ጨረታ እቆጥራለሁ። «ሠላሳ ስድስት! ሠላሳ ሰባት!»

«ካፒቴኑስ?» አለ አንዱ።

መሕቡባ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ጣቴን እቀስራለሁ፣ ዓይኔን እጠቅሳታለሁ፣ እሷም «ካፒቴኑ ዋና ይችላል?» ትለኛለች፣ ከዚያ እንስቃለን። በዚህች ሐሳብ ነው ጣቴን ያነሳሁት። ወላሂ በዚህች ሐሳብ ነው።

አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠቻቸው። ገመዱን ተሻግራ ውሃው ውስጥ ገባች፣ እስከ ጉልበቷ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

ሳቁ እንደተቆረጠ ቧንቧ አንጠባጥቦ ቆመ።

ከዚያ በሌላ በኩል ወጣች። ጀሪካኗን አንስታ በባዶ እግሯ ገደሉን መውጣት ጀመረች። የሷ ጀሪካን ሙሉ ነበር።

ዱላውን ጥዬ፣ ጫማዋን ይዤ ተከተልኳት።

«መሕቡባ! ጨዋታ እኮ ነው!»

ትወጣለች።

«ስለ አላህ ብለሽ ጫማሽን አድርጊ!»

ትወጣለች። ድንጋዩ ስለት ነው፤ ተረከዟ ያለፈበት ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ደርሼባት ጀሪካኑን ከእጇ ነጠቅኩ። አልታገለችኝም። ሃያ ሊትሩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ የራሴንም ጫማ አውልቄ፣ ከኋላዋ ወጣሁ። ለምን እንዳወለቅኩት አትጠይቁኝ። ነውሬ እግሬ ድረስ ወርዶ ነበር መሰለኝ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ እንባዬ መጣ። በድንጋዩ ነው ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ።

አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከታች ቆምኩ።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ስደቢኝ።»

«አልችልም» አለች። ቀና ብላ ሐይቁን አየች። «የኛም ጀልባ ውስጥ እንዲሁ ተባለ። ውሃ ይገባ ነበር። ዕቃው ሁሉ ተጣለ፣ አልበቃም። አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ያስለዋል፣ ብቻውን ነው የመጣው። ሌላው ሁሉ ወንድም አለው፣ ባል አለው፣ አገር ልጅ አለው።»

«እሱ ላይ ቀሰሩ?»

«እኔም ቀሰርኩ።»

ነፋስ ሻርፗን ፊቷ ላይ አመጣው። አላነሳችውም።

«ማንም አልነካውም። ጫማውን አወለቀና ራሱ ወረደ። ጅቡቲ እስክንደርስ ጫማው እግሬ ስር ነበር።»

እኔ ዝዋይ ድረስ አውቶቡስ በውሃ የማሻግር ሰው፣ ጫማዋን ብቻ ዘረጋሁላት። በመጨረሻ ጫማዋን ከእጄ ወስዳ አደረገች፣ ደም ያለበትን ተረከዟን ሳትጠርግ።

ከላይ ድንኳን ተተክሏል። ሌላው ሰው ከኋላችን ወጥቶ ወንበር ይዟል። ሙዚቃ አለ። ገዛኸኝ ማይኩን ይዞ «ዛሬ ሁላችንም ተለውጠናል!» አለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ስሜን ጠራ። «ለላቀ ትወና» የሚል ሰርተፊኬት፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው። በሕይወቴ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ያየሁት ከትምህርት ቤት ስባረር ነው።

ማይኩን ሰጡኝ። መሕቡባ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣለች።

«እኔ ዛሬ አልተወንኩም» አልኩ። «ያቺን ልጅ ለማግባት ከጠየቅኳት ሳምንት አልሞላኝም። ታች ውሃው ዳር ግን እናንተን ለማሳቅ ብዬ ጣቴን ቀሰርኩባት። እናንተም ቀሰራችሁ፣ የሚቆጣላት ሰው ስለሌላት። አስጠላኝ። እናንተም አስጠላችሁኝ፣ እኔ ግን እበልጣለሁ።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ሰማን «አቤት ሲችልበት!» አለ ጮክ ብሎ።

«ወላሂ እውነቴን ነው!»

ያኔ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ስለ ዝሆኑም ስለ አውቶቡሱም ስምል የነበረው በዚሁ ቃል ነዋ! ሰማን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ገዛኸኝ እያጨበጨበ «ሳቅም ትምህርት ነው!» አለ። መምህር ወልደማርያም ብቻ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጣቱን ያይ ነበር። ሰርተፊኬቱን ክትፎው አጠገብ ጥዬ ወጣሁ።

ባጃጇ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ከኋላ፣ የመጀመሪያው ቀን የተቀመጠችበት ቦታ። ቡታጅራ ስንገባ ፀሐይዋ ከዘቢዳር ተራራ ጀርባ እየገባች ነበር።

ጋሼ ጀማሉ ደጃፍ አቆምኩ። ወረደች። መሄዷ እንደማይቀር አውቄዋለሁ።

«የአዲስ አበባው መኪና ሰኞ ማለዳ ነው» አልኳት። «እኔ አደርስሻለሁ። መናኸሪያ ድረስ።»

«ሽማግሌ መቼ ነው የምትልከው?» አለች።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ከዚህ በኋላ? እኔን?»

«ጣቱን ቀስሮ የማያውቅ ሰው ባገባ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እየዋሸሁት ነው የምኖረው።» ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አንተን መዋሸት የለብኝም። ደክሞኛል፣ ራምዚ።»

እጄን ልዘረጋ ብዬ ፈራሁት፤ ያው እጄ ነው። እሷ ያዘችው። ያንኑ ጣት በመዳፏ ዘግታ ያዘችው፣ በዓይኗ ዓይኔን እያየች፣ እኔ ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ።

ከውስጥ ጋሼ ጀማሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሕቡባ! ማን ነው ደጅ ላይ?»

«ራምዚ ነው፣ አጎቴ።»

«ያ ውሸታም?»

«ዛሬ አልዋሸም» አለችና በሩን ሳትዘጋው ገባች።